ፍጥነትና ጥብቅነት

በእንግሊዝኛ ትምህርት «ፋስት» ማለት «በፍጥነት» ነው ተብለን ተምረናል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ቃሉ እዚህ ትርጉም ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ፍችው «አጥብቆ፣ ሳያወላውል» ነበር። ዛሬም «ሆልድ ፋስት» ሲሉ አጥብቀህ ያዝ ማለታቸው ነው። «ፋስት አስሊፕ» የተባለውም ሰው በጥድፊያ የተኛ ሳይሆን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የወሰደው ነው። ጾምን የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ ራስን አጥብቆ መያዝ።

ታዲያ ጸንቶ መቆም እንዴት መሮጥ ሊሆን ቻለ? ባለ በሌለ ጉልበቱ አጥብቆ የሚሮጥ ሰው ይፈጥናል። ቃሉ ቀስ በቀስ ምክንያቱን ጣለና ውጤቱን ይዞ ቀረ።

ሥጋታችን ሰውም እንደ ቃሉ እንዳይሆን ነው። ፈተና ሲደርስ መጽሐፉ ይጣልና ለማጠቃለያው ሽሚያ ይሆናል። በክርክር ላይ የባልንጀራ ሐሳብ ተሰምቶ ሳያልቅ ፍርድ ይሰጣል። ይኸ ሁሉ ቅልጥፍና ይባላል። ግን ምን ተጨብጦ ነው የሚሮጠው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለም እንዴ!

«እንግዲያው ዝግታ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ይኸም አይዋጥልንም። ለታመመ ሰው ሐኪም ሲጠራ ቀስ ማለት በደል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ተረት ለስንፍና መሸፈኛ አይሆንም። እንቁላሉ እኮ በእግሩ የሄደው ዶሮዋ ሳትሰለች ስለታቀፈችው ነው፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥማ ይገማ ነበር።

የእኛው «ጠበቀ» እዚህ ላይ ይረዳናል። «ገመዱ ጠበቀ» እንላለን፤ «ወዳጁን ጠበቀ»ም እንላለን። እንግሊዝኛው ጥብቅነትን ከሩጫ ጋር ሲያጋባ፣ በአማርኛ ጥብቅነትና ትዕግሥት በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ብዙ ሮጦ፣ ተፈትልኮ የወጣው መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ጠበቀ፤ አጠበቀ፤ ፈጠነ።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ለሚቀጥለው ክርክራችን አንድ ደንብ እናቅርብ። መልስ ከመስጠታችን በፊት የተናጋሪውን ሐሳብ፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ ደግመን እንናገርለት። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ያህል እንፍጠን።