የሰጡትን መልሶ መውሰድ

ስጦታ ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ የማን ነው? ይህ የቆየ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ባልታሰበ ቦታ ተነሣ።

አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር በአንድ ፓኬጅ (የኮድ ጥቅል) ስም የተነሣ ከኩባንያ ጋር ተወዛገበ። የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከማቻው ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሲሰጥ፣ ሰውየው በነጻ ያበረከታቸውን ከ250 በላይ ፓኬጆች አነሣ። ከእነዚህ አንዷ ሌፍት-ፓድ 11 መስመር ብቻ ነበረች፤ ሥራዋም ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መሙላት። (ጀማሪም ይጽፋታል።) ባቤልን የመሰሉ ትልልቅ መሣሪያዎች ግን ተደግፈውባት ኖሮ፣ በእነሱ በኩል ሪአክት በተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የሚሠሩትም ተስተጓጎሉ።

ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ከመጠባበቂያ ቅጂው መለሳት።

ኮቹሉ መጀመሪያ ሲለቅቃት ማንም እንደወደደ እንዲጠቀምባት ፈቅዷልና የሰጠውን መንሳት አይችልም ያሰኛል። ነገም መስጠቱን እንዲቀጥል ግን ማን ሊያስገድደው?