ማን ይበልጣል? ስለ ሁለት ዜማ ደራስያንና ስለ ጋራ ሥራቸው

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ማመዛዘንና ማበላለጥ ይወዳል። ሁለት ፈረሶች ባንድነት ሲሮጡ ያየ እንደ ሆነ የትኛው እንደሚቀድም ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ሁለት ሊቃውንት ባንድ ጉባኤ ተቀምጠው የሰማ እንደ ሆነም የማንኛቸው ዕውቀት እንደሚጠልቅ ሳይመረምር አይነሣም። ይህ ልማድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ መልካሙን ከተሻለው ለመለየት የሚያስችለን እርሱ ነውና። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ተባብረው የሠሩት አንድ ሥራ በፊታችን በቀረበ ጊዜ፣ ሚዛኑን ከማንሣታችን በፊት ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። በጋራ የተሠራውን ሥራ ከፍሎ ለያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ይቻላልን? የሚቻልስ ቢሆን፣ ይገባልን?

ይህን ጥያቄ በደፈናው እንዳንመረምረው፣ በዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው ተያይዞ የሚጠራውን የሁለት እንግሊዛውያንን ነገር ምሳሌ አድርገን ልናቀርብ ወደናል። እነርሱም ቢትልስ የተባለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ ዋነኞቹ ደራስያን ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት በሊቨርፑል ከተማ ሲሆን፣ ሌነን በ1940፣ ማካርትኒ በ1942 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። የተዋወቁት በ1957 በአንድ የቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሌነን የ16፣ ማካርትኒ የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። ማካርትኒ እናቱን በሞት ያጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የሌነንም እናት በተከታዩ ዓመት በመኪና ተገጭታ ሞተች። እንግዲህ ያስተሳሰራቸው የጊታር ፍቅር ብቻ ሳይሆን የኀዘን አንድነትም ጭምር ነበረ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

እነዚህ ሁለት ልጆች ገና ማንም ሳያውቃቸው፣ አንዱ ብቻውን የደረሰውም ሆነ ሁለቱ ተባብረው የደረሱት ዘፈን ሁሉ በሁለቱም ስም እንዲጠራ ተስማሙ። ይህ በልጅነት ቃል የተጀመረ ስምምነት ጓዱ በ1970 እስኪበተን ድረስ ጸንቶ ቆየ፤ ወደ 180 የሚጠጉ ዘፈኖችም በሌነንና በማካርትኒ ጥምር ስም ለዓለም ቀረቡ። ብዙ ሰዎች ግን ይህን ጥምር ስም እንደ ተዘጋ ሣጥን ቈጥረው፣ ከፍተው የያንዳንዱን ድርሻ ለይተው ሳያዩ ዕረፍት አላገኙም።

እነዚህ ሰዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላሉ። ሌነን የቃል ሰው ነው፤ የልቡን ቍስል ሳይሸፍን ስለ ራሱ ይናገራል፤ ዜማውም እንደ ንግግር ባንድ ድምፅ አካባቢ ይመላለሳል። ማካርትኒ ግን የዜማ ሰው ነው፤ ዜማው ከታች ወደ ላይ በቀላሉ ይዘላል፤ ስለ ራሱ ከመናገርም ይልቅ የሌላውን ሰው ኑሮ መተረክ ይወዳል። ለዚህ አስተያየት ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1967 የወጣ አንድ ሸክላ ነው። በአንዱ ገጽ «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎሬቨር» የተባለው የሌነን ዘፈን ይገኛል፤ ስሙን የወሰደው ሌነን ባደገበት ሰፈር አጠገብ ከነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ሲሆን፣ መልእክቱ የራሱን ማንነት የሚጠራጠር ሰው ሕልም ነው። በሌላው ገጽ የማካርትኒ «ፔኒ ሌን» አለ፤ ይህም የአንድ መንገድ ስም ነው፤ በውስጡ ጠጕር አስተካካዩ፣ የባንክ ሠራተኛውና የእሳት አደጋ ሠራተኛው በብሩህ ቀን ሲመላለሱ እናያለን። ሁለቱም ስለ አንዲት የትውልድ ከተማ ነው የዘፈኑት፤ ነገር ግን አንዱ ከተማይቱን በልቡ ውስጥ ሲያያት፣ ሌላው ልቡን በከተማይቱ ውስጥ አገኘው።

ይህ ማነጻጸር እውነት አለበት፤ ሆኖም ሙሉ እውነት አይደለም። በ1968 ባወጡት ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ውስጥ «ሄልተር ስኬልተር» የተባለ፣ ጩኸቱ ጆሮ የሚሰነጥቅ ዘፈን አለ፤ በዚያው አልበም መጨረሻ ደግሞ «ጉድ ናይት» የተባለ ለስላሳ የሕፃን ማስተኛ ዜማ እናገኛለን። ሰሚው በተለመደው ሚዛን ቢፈርድ የመጀመሪያውን ለሌነን፣ ሁለተኛውን ለማካርትኒ ይሰጣል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጩኸቱ የማካርትኒ፣ ማስተኛውም ሌነን ለትንሽ ልጁ የደረሰው ነው። እንግዲህ አንዱን መራራ፣ ሌላውን ጣፋጭ ብሎ መሰየም ለሰያሚው ሥራውን ያቀልለታል እንጂ የተሰየሙትን ሰዎች አይገልጻቸውም።

ይልቁንስ እንዴት ይሠሩ እንደ ነበረ እንመልከት። ሁለቱም ዜማን በምልክት ጽፎ ማስቀመጥ አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ያወጡትን ዜማ በማግሥቱ ካላስታወሱት እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ የአንዱ ትዝታ ለሌላው መዝገብ ነበረ። ማካርትኒ ግራኝ ስለ ሆነ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጊታር ሲመቱ አንዱ በሌላው እጅ ላይ የራሱን እጅ እንደ መስተዋት ያይ ነበር። በ1967 ማካርትኒ ነገሩ ሁሉ እየተሻሻለ ይሄዳል የሚል የደስታ ዘፈን ሲደርስ፣ ሌነን ከዚህ የበለጠ ሊበላሽ አይችልምና የሚል መንፈስ ያለው የምፀት ቃል ጨመረበት፤ ያ ቃል ባይገባበት ዘፈኑ ተራ ምኞት ሆኖ በቀረ ነበር። በዚያው ዓመት «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» በተባለው ዘፈን፣ ሌነን ጋዜጣ አንብቦ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት የደረሰው ግጥም መካከሉ ባዶ ነበር፤ ማካርትኒም ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ አውቶቡስ የሚሮጥ ተራ ሰው ታሪክ ነበረውና በዚያ ባዶ ቦታ አገባው። ሁለቱን ክፍሎች 40 ያህል ሙዚቀኞች ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው እየወጡ በመጫወት አገናኟቸው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ጐዶሎ ነው፤ ሲገናኙ ግን የሰው ኑሮ በሙላቱ ይታያል። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት አባቶቻችን ለጕልበት ሥራ ብቻ አልነበረም ያስብላል።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ እኛም ልንሸሸው አንወድም። በ1965 የወጣውን «የስተርዴይ» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። ዜማው ለማካርትኒ በሕልሙ መጣለት፤ ግጥሙንም እርሱ ጻፈው፤ ሲቀዳም እርሱ ብቻውን ጊታር ይዞ ከአራት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ጋራ ዘፈነው። ከጓዱ አባሎች ሌላ ማንም አልተጫወተበትም፤ ነገር ግን በሸክላው ላይ የሌነን ስም ቀድሞ ይገኛል። ይህ ሐሰት አይደለምን? የደከመ ሰው የድካሙ ዋጋ በስሙ ሊመዘገብለት አይገባምን? ማካርትኒም ይህ ነገር ሳይከነክነው አልቀረም፤ በ2002 ባወጣው የመድረክ አልበም ላይ 19 የቢትልስ ዘፈኖችን የራሱን ስም አስቀድሞ አስመዘገበ። ሌነን በ1980 በነፍሰ ገዳይ እጅ ሞቶ ስለ ነበረ መልስ ሊሰጥ አልቻለም፤ ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ግን ተቃወመች። በተከታዩም ዓመት ማካርትኒ የቀድሞው አጻጻፍ ቢቀጥል እንደማይከፋው ገለጠ።

እኛ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አንቸኵልም። የራሱን ልጅ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ የሚሰማ አባት ቢከፋው አይፈረድበትም። ነገር ግን የልጅነቱ ስምምነት ጥቅም ያለው በዚህ በሚከብድበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ቃል ሲገባቡ የማን ዜማ በዓለም ዙሪያ እንደሚሰማ፣ የማንስ እንደሚረሳ አያውቁም ነበር። ዕጣው ሳይወጣ የተስማሙት ስምምነት ትክክል የሚሆነው ሁለቱም በእኩል ፍርሃትና በእኩል ተስፋ ስለ ገቡበት ነው፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ባለ ዕድሉ ውሉን ላሻሽል ቢል ሚዛኑ ይጐድላል። ደግሞም የስምምነቱ ዋጋ በአንድ ወገን ብቻ የተከፈለ አልነበረም። በ1969፣ ጠባቸው እየከረረ በሄደበት ወራት፣ ሌነን ስለ ራሱ ሠርግ የደረሰውን ዘፈን ለመቅዳት በፈለገ ጊዜ የቀሩት ሁለቱ ጓደኞቻቸው አልነበሩም፤ ማካርትኒ ግን መጥቶ ከበሮውን መታለት፤ ሥራውም ባንድ ቀን አለቀ። እርሱም ዘፈን በሁለቱ ስም ወጣ።

እውነትንና ቃል ኪዳንን ማስታረቅ የሚቻልበት መንገድም አለ፤ ያንንም መንገድ ሌነን ራሱ አሳይቷል። በ1980 ስለ ዘፈኖቻቸው አንድ ባንድ ሲጠየቅ፣ «የስተርዴይ» የማካርትኒ ሥራ መሆኑን ሳይሸሽግ መሰከረ። ስሙ በወረቀት ላይ እንደ ነበረ ቀረ፤ እውነቱም በአደባባይ ተነገረ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ነው፤ ባለ ሥራው ስለ ራሱ ሳይሆን ባልንጀራው ስለ እርሱ ተናገረ። ሰው ለራሱ የሚጠይቀው ክብር ጠብ ያመጣል፤ ባልንጀራው የሚሰጠው ግን ሁለቱን ያከብራል።

ከዚህም በላይ፣ ድርሻን ለይቶ መክፈል ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም። «ኢን ማይ ላይፍ» የተባለው የ1965 ዘፈን ግጥሙ የሌነን መሆኑን ሁለቱም ይስማሙበታል፤ ዜማውን ግን ማካርትኒ የኔ ነው ሲል፣ ሌነን ያገዘኝ በመካከለኛው ክፍል ብቻ ነው ብሏል። በ2018 የስታቲስቲክስና የሒሳብ ምሁራን የሁለቱን ዘፈኖች በስሌት መርምረው ሚዛኑ ወደ ሌነን እንደሚያደላ አስታወቁ። ስሌቱ ግን የማካርትኒን ትዝታ አይሽረውም፤ ሁለት እውነተኞች ሰዎች ስለ አንድ ቀን ሁለት ነገር ሊያስታውሱ ይችላሉና። ከዚያም ሌላ፣ ቍጥር የማይደርስበት ነገር አለ። አንዱ ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ ሲደርስ እንኳ፣ ነገ ባልንጀራዬ ሲሰማው ምን ይለኝ ይሆን እያለ ነበር። ደካማውን ስንኝ ያስጣለው፣ የተሻለውን ያስፈለገው ያ በቦታው ያልነበረ ጆሮ ነው። የዚያን ጆሮ ድርሻ በየትኛው ሚዛን እንመዝነዋለን?

ይህ ነገር የዘፋኞች ጕዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታየን ያስፈልጋል። በየመሥሪያ ቤታችን አንዱ ያረቀቀውን ሌላው ያርመዋል፤ ሦስተኛው ይፈርምበታል። በየትምህርት ቤታችንም ተማሪው የሚመሰገንበትን መልስ ያገኘው አብሮት ካጠና ጓደኛው ጋራ ተከራክሮ ሊሆን ይችላል። የኔ ድርሻ ይህን ያህል ነው እያልን ስንቈጥር የምንውል ከሆነ፣ ለሥራው የሚተርፍ ልብ አይኖረንም። ይህን ስንል ግን የሌላውን ድካም በስሙ ለሚያስጠራ ሰው መሸሸጊያ መስጠታችን አይደለም፤ የጋራ ስም ክቡር የሚሆነው አስቀድሞ በሁለቱም ፈቃድ የተሰጠ ሲሆን ነው፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ስርቆት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። ሌነን ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ብቻውን ፒያኖ እየመታ «ናው ኤንድ ዜን» የተባለ ያላለቀ ዘፈን በቴፕ ቀድቶ ነበር። ባለቤቱ በ1994 ቴፑን ለማካርትኒ ሰጠችው፤ የፒያኖው ድምፅ የዘፋኙን ድምፅ ስለ ሸፈነው ግን ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። በኋላ ዘመን ድምፅን ከድምፅ የሚለይ የኮምፒዩተር ጥበብ ተገኘ፤ ማካርትኒም በ81 ዓመት ዕድሜው ከሪንጎ ስታር ጋራ፣ በ2001 የሞተው ጆርጅ ሃሪሰን ትቶት የነበረውን የጊታር ድምፅ ጨምሮ፣ ዘፈኑን ፈጽሞ በኖቬምበር 2023 አወጣው። የስም ቅደም ተከተል ያሳሰበው ያው ሰው፣ የባልንጀራውን ጅምር በሥራው ሞላለት። እኛም ከሁለቱ ማን ይበልጣል ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን ይህ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ምን ያህል በጐደለ ነበር ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያን የጠየቀ ሰው ሚዛኑን አስቀምጦ ምስጋናን ያነሣልና።