ለአታላይ ምን ዓይነት መልስ ይገባዋል?

እንግዳን በትሕትና ማነጋገር፣ የሚናገረውንም እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ከወላጆቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ነው። ሰው እየተናገረ ሳለ ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ይህ መልካም ጠባይ ራሱ የማታለያ መሣሪያ ሲሆን ምን ማድረግ ይገባል? ለሚዋሸን ሰው እውነት የመናገር ግዴታ አለብን ወይ?

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ይልቁንም በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩት፣ ነገሩን በሚገባ ያውቁታል። ስልክ ይደወላል፤ ቁጥሩ የዚያው ሰፈር ቁጥር ይመስላል። አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ የመኪናቸው ዋስትና ሊያበቃ መሆኑን፣ ይህም የመጨረሻ ማስታወቂያ መሆኑን ገልጾ አንድ ቁጥርን እንዲጫኑ ይጠይቃል። የተጫነው ሰው ከሻጭ ጋር ይገናኛል። ሻጩ ከመኪናው ፋብሪካ የደወለ ያስመስላል፤ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው የጥገና ውል ነው። ውሉ የማይሸፍናቸው ብልሽቶች ብዙ መሆናቸው የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። መኪና ለሌለው ሰው እንኳ ይደወልለታል።

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ባለ ሥራ በተሰማራ አንድ ቡድን ላይ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ወስኗል። በኮሚሽኑ ምርመራ መሠረት ቡድኑ በ2021 በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ብቻ ከ500 ሚሊዮን በላይ ወደሆኑ ቁጥሮች ከ5 ቢሊዮን የሚበልጡ ጥሪዎችን አድርጓል። ከብዙ ሺህ ሰዎች አንዱ ብቻ ቢታለል እንኳ ለአታላዩ ይበቃዋል። ለዚህ ወጥመድ ቅርብ የሆነውም አሮጌ መኪናው ከቆመ እንጀራው የሚቋረጥበት፣ ቋንቋውንም ገና ያልለመደ ሰው ነው። በሀገራችንም ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ ከተስፋፋ ወዲህ ሽልማት ደርሶዎታል እያሉ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቁ ደዋዮች አሉና ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

እንዲህ ባለው ጊዜ ሁለት ፈተናዎች ያጋጥሙናል። አንደኛው በየዋህነት የተጠየቁትን ሁሉ መመለስ ነው። ሁለተኛው ሐሰትን በሐሰት መበቀል ነው፤ ይኸውም የሐሰት ስምና የሐሰት የባንክ ካርድ ቁጥር መስጠት፣ ደዋዩን መሳደብ፣ ሰዓቱን ለማባከን እያሞኙ ማቆየት ነው። ብዙዎች ይህ ኀጢአት አይመስላቸውም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን የመሰለ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ቀርቦለት ነበር። ቆንሰንጥዮስ የተባለ ሰው እምነታቸውን የሚደብቁ መናፍቃንን ለማጋለጥ አማኞች የእነርሱ ወገን መስለው መዋሸት ይፈቀድላቸው እንደ ሆነ ጠየቀው። ቅዱሱ ሐሰትን ለማጥፋት በሐሰት መጠቀም እንደማይገባ መለሰ። ነገር ግን እውነትን ዝም ብሎ መሰወርና መዋሸት አንድ እንዳልሆኑም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የማወቅ መብት ለሌለው ሰው እውነትን የመግለጥ ግዴታ እንደሌለብን ያስረዳል።

እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው። ለአታላይ ስማችንን፣ ዕድሜያችንን፣ የካርዳችንን ቁጥር ልንነግረው አይገባም፤ ልንዋሸውም አይገባም። ስልኩን መዝጋት ኀጢአት አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ የሚከበር እንግዳ አይደለምና። ሰው ሆኖ ቢገኝም «አልፈልግም» ማለት ብቻ ይበቃል። ስድብ ግን አይገባም፤ እርሱን ባያቈስለው እንኳ የእኛን አንደበት ያቈሽሻልና። በሌላ በኩል፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ በእንዲህ ያለ ሥራ የሚቀጠር ሰው «እንጀራዬ ነው» በማለት ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሥራ የሚፈልጉ ልጆቻችንም ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ራስን ማዳን ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ባልንጀራንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ለአረጋውያን ማንኛውንም ቁጥር፣ «ጥሪው እንዲቆም ይጫኑ» የሚባለውን እንኳ፣ እንዳይጫኑ እንንገራቸው፤ መጫናቸው ስልኩን የሚያነሣ ሰው መኖሩን ለአታላዩ ያረጋግጥለታልና። ዋስትናቸውን ማጣራት የሚፈልጉ በመኪናቸው ሰነድ ላይ ወዳለው ቁጥር ራሳቸው ይደውሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ ይህን በምሳሌነት ቢያነሡ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ የተታለለውን ሰው አንሣቅበት። ብዙዎች ኀፍረት ይዞአቸው ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ዝምታቸውም ለአታላዩ ሌላ ቀን ይሰጠዋል። በደሉ ያመነው ሰው ሳይሆን እምነቱን የሸጠበት ሰው ነው። የተታለለ ሁሉ ሳይፈራ የሚናገርበት ቤትና ቁምስና ካለ ግን ቀጣዩ ሰው አስቀድሞ ይጠነቀቃል።