የዱቤ ደብተር ለማን ይታያል?

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። አንድ የስልክ ቁጥር ጠቅሶ «የዚህን ደንበኛ ሙሉ መረጃ በመስጠት እንድትተባበሩን» ይላል። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አልተያያዘም። ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «በቃ አውጣላቸው፣ ጣጣ አንፈልግም» አለኝ።

ያኔ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ምግብና ዕቃ የሚያደርስ መተግበሪያ ላይ ነበር። ኩዌሪውን ጽፌ፣ ውጤቱን ኤክሴል ላይ አድርጌ፣ ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። 214 መስመር ወጣ። ሰውየው በሁለት ዓመት ያዘዘው ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነቦታው። የራሱ ቤት ብቻ አይደለም፤ ዕቃ የላከላቸው የሌሎች ሰዎች አድራሻም አለበት። ስለ እነሱ የጠየቀ የለም፤ እኔ ግን ሰጠሁ።

ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌባ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጉልበት ካለው ሰው ጋር የተጣላ ምስኪንም ሊሆን ይችላል። የሚያስጨንቀኝ ይሄ አለማወቅ ነው።

የተወለድኩት አሊዩ አምባ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አርብ አርብ ትልቅ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ነበረች። አባቴ ዛሬ እዚያ ትንሽ ሱቅ አለው። የዱቤ ደብተሩን ያነበበ ሰው የማን ቤት ወሩ ሳያልቅ ዘይት እንደሚያልቅበት፣ ማን ከሚስቱ ተደብቆ ሲጋራ እንደሚወስድ ያውቃል። አባቴ ሁለት ልማድ አለው። ደብተሩን ለማንም አያሳይም፤ የባሏን ዕዳ ለምትጠይቅ ሚስት እንኳ «ራሱን ጠይቂው» ነው መልሱ። ዕዳው ሲከፈል ደግሞ ባለዕዳው እያየ መስመሩን ጥቁር እስኪሆን ድረስ ይሰርዘዋል።

እኛ ጋ ደንበኛው «አጥፋ» የሚለውን ሲጫን ምንም አይጠፋም። «ዲሊትድ» የምትል አንዲት ዓምድ ከ«ፎልስ» ወደ «ትሩ» ትቀየራለች፣ በቃ። ትዕዛዙ ከእሱ ስልክ ላይ ይሰወራል፤ እኛ ሰርቨር ላይ ግን አለ። እንዲህ አድርጌ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ብዬ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የምናደርገውን ግንኙነት ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታ (ማን፣ ከማን ጋር፣ መቼ ተገናኘ የሚለውን) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ግን ምስጢር ነው ይላል። በዚህ አዋጅ መሠረት የሚመረምር ፖሊስ በሌላ ሰው እጅ ያለ ዳታ ሲፈልግም መንገዱ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ስለዚህ «ትዕዛዙን አምጡ» ለማለት በቂ መሠረት ነበረኝ። ያነበብኩት ግን ከሰጠሁ በኋላ ነው።

ልማዱ ሌላ ታሪክ አለው። ሂዩማን ራይትስ ዋች በ2006 መጋቢት ባወጣው ሪፖርት፣ ያኔ ብቸኛ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም የሚይዘውን የጥሪ መዝገብ የጸጥታ አካላት ያለ በቂ ቁጥጥር ያገኙት እንደነበር፣ ለተመርማሪዎችም የደወሉላቸው ሰዎች ዝርዝር ይቀርብላቸው እንደነበር ጽፏል። «የምደብቀው የለኝም» ለምንል ሰዎች ይሄ ያሳስባል፤ ማንን እንዳናገርን እንጂ ምን እንዳወራን የማይናገር ዝርዝር እንደ ተርጓሚው ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ከደብዳቤው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአክስቴ ልጅ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሄድ መንገድ ላይ ታገተ። አጋቾቹ በራሱ ስልክ እየደወሉ ብር ጠየቁ። አክስቴ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልዞረባትም። እኔ ፖሊስ ጣቢያ ቆሜ «ቁጥሩ እኮ አለ! የት እንዳለ ለምን አታዩም?» ብዬ ጮህኩ። ያን ሰዓት ስለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያወራኝ ሰው ቢኖር የምመልስለትን አውቃለሁ። ብሩ ተከፍሎ ልጁ ተመለሰ። ያን ሐሙስ ኩዌሪውን ስጽፍ ያሰብኩት እሱን ነበር፤ «የሌላ ሰው የአክስት ልጅ ቢሆንስ?»

እና ፖሊስ ዳታ አያግኝ ልል አልችልም። አክስቴ ፊት ቆሜ አልለውም።

ግን ጥድፊያና ዳኛ አብረው መኖር ይችላሉ። አዋጅ 958 ራሱ፣ ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ የኮምፒውተር ወንጀል ሲያሰጋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ትዕዛዝ ክትትል እንዲፈቅድ ያደርጋል፤ ሆኖም ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች በዘረፋ የጠረጠሩትን ካርፔንተር የተባለ ሰው የ127 ቀን የስልክ እንቅስቃሴ፣ 12,898 የቦታ ነጥብ፣ ከስልክ ኩባንያዎች ወስደው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 መዝገቡ ኩባንያ እጅ መሆኑ የሰውየውን መብት አያጠፋም፣ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። እንደ ሕፃን እገታ ያለ ድንገተኛ አደጋን ግን ለይቶ አስቀመጠ። ሁለቱም ለጥድፊያ በር ይከፍታሉ፤ በሩን የሚጠብቅ ዳኛ ግን አለ። የእኔ ፍላሽ በማንም ዳኛ እጅ አላለፈም።

«ትዕዛዝ አምጡ» ማለት «ሰውየው ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። «ፈራጁ እኔ አይደለሁም» ማለት ነው። ያን ቀን ባለ 214 መስመሩ ሰው ቢሮአችን ውስጥ አልነበረም፤ ስሙ መነሳቱንም አያውቅም። ስለ እሱ አንድ ጥያቄ ማንሳት የምችለው እኔና ሥራ አስኪያጃችን ብቻ ነበርን። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ዝምታችንንም ትብብር አልነው።

ደግሞ ደብዳቤው ሲመጣ ነገሩ ግማሽ አልቋል። ሠንጠረዡን ስነድፍ ነው የወሰንኩት፤ ያልያዝኩትን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስቡ ይላል። አሁን በምሠራበት ቦታ የማድረሻ አድራሻ ከ30 ቀን በኋላ ከምሩ ይጠፋል። ይህን ለማስፈቀድ ሦስት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ «ለማርኬቲንግ ይጠቅመን ነበር» የሚሉኝ አሁንም አሉ።

ኮድ የምትጽፉ ጓደኞቼ፣ ደብዳቤው ሳይመጣ ሠንጠረዣችሁን ክፈቱና እዩት። እኔ ያን 214 መስመር ልሰርዘው ብል አልችልም። ፍላሹ እኔ ጋ የለም።