ትዕቢት አይጠግብም

በመጽሐፈ አስቴር የተጻፈውን የሐማን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ንጉሡ ከመኳንንቱ ሁሉ በላይ ሾሞት ነበር። ሀብት ነበረው፣ ልጆች ነበሩት፣ በንጉሡ በር ያሉት አገልጋዮች ይሰግዱለት ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው? አንድ መርዶክዮስ አልሰገደለትም! እርሱን ብቻ መቅጣት ስላነሰበት ወገኑን ሁሉ ሊያጠፋ አዋጅ አስነገረ። ይህም ሆኖ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱና ለወዳጆቹ ሲያወራ፣ መርዶክዮስን በበሩ እስካየ ድረስ ክብሩ ሁሉ ምንም እንዳልሆነለት በገዛ አፉ ተናገረ።

ራሱን የሚያመልክ አለቃም እንዲሁ ነው። ምስጋና አያጠግበውም። አንዲት ሠራተኛ ስሕተቱን በትሕትና ብትነግረው እንኳ ተደፈርኩ ይላል። ከዚያ በስብሰባ ፊት ማዋረድ ነው፣ የደከመችበትን ሥራ በራሱ ስም ማቅረብ ነው፣ ፈቃድ መከልከል ነው። ወሬ አቀባይም አይጠፋም፤ የመርዶክዮስን ነገር ለሐማ ያደረሱት እኮ አብረውት በበሩ የነበሩት ናቸው።

አለቃ የሆንህ ወንድሜ፣ ሥጋና ወተት ትተህ የበታችህን ሥጋ ከበላህ ይህ ምን ጾም ሆነ?

የምትበደዪ እኅቴ ሆይ፣ ጾም ማለት ዝም ብሎ መረገጥ አይምሰልሽ። ጸልዪ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ የተደረገብሽንም ከነቀኑ ጽፈሽ ያዢና ከእርሱ በላይ ላለው አመልክቺ። አስቴርም ጾማ አልቀረችም። ሳይጠሩ ወደ ንጉሥ መግባት ሞት የሚያስፈርድ ሆኖ ሳለ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ገባች፤ በግብዣውም ላይ የበዳዩን ስም ጠርታ ተናገረች።