ስለ ሙሽራ ጌጥና ስለ አደራ

ሰው በሠርጉ ቀን በወርቅና በብር ማጌጡ በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ደስታ ነውን፣ ወይስ ከንቱ ውዳሴ? ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ሁለቱም ወገን የሚያደሉ ይመስላሉ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ የሴቶች ሽልማት ወርቅ ሳይሆን የልቡና የዋህነት እንዲሆን ሲመክር፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በጌጧ የተሸለመችውን ሙሽራ የመዳን ደስታ ምሳሌ ያደርጋታል። ከግብፅ የወጡት እስራኤልም ጉትቻቸውን አስቀድመው ለጥጃው ጣዖት፣ ኋላም ለደብተራ ኦሪት ሥራ ሰጡ።

በጉለሌ፣ ዊንጌት በሚባለው ሰፈር ለምንኖር ይህን ነገር የምናስብበት ሌላም ምክንያት አለን። ሰፈራችን የሚጠራበት ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር በጎጃም ከዘመተው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ሲሆን፣ እርሱም ጦሩን በመስፍኑ በጌዴዎን ስም ሰይሞት ነበር። ያ ጌዴዎን ግን ድል ካደረገ በኋላ ከምርኮው 1700 ሰቅል የወርቅ ጉትቻ ሰብስቦ ኤፉድ አሠራበት፤ ኤፉዱም ለራሱና ለቤቱ ወጥመድ ሆነ። ጥፋቱ የወርቁ አልነበረም፤ የእግዚአብሔርን ድል ለራሱ መታሰቢያ ያደረገው ሰው ባለአደራነቱን መዘንጋቱ ነው እንጂ።

እንግዲህ ገንዘቧ ጥቂት የሆነ ሙሽራ፣ በብድር አዲስ ወርቅ ከመግዛት ይልቅ ከአያቷ ሣጥን የወጣውን ድሪና አምባር ይዛ ወደ አንጥረኛ ብትሄድ፣ ማጣቷ ወደ ጥበብ መርቷታል እላለሁ። ከቀድሞው ጌጥ ብዙው የተሠራው ከቀለጠ ጠገራ ብር ነው። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዘመን የተሸከመው የማርያ ትሬዛ ብር ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው ይበልጡን መዳብ ነውና፣ በአየር ውስጥ ያለ ዲን ሲነካው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግን በገጹ ላይ ያረፈ ነው እንጂ ወደ ባሕርዩ አልዘለቀም። ለብዙው ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የተበጠሰውን ሰንሰለት የሚበይደው አንጥረኛም የሚጠይቀው ይበልጡን የእጁን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ወርቅ የተቀባውን ብር በአመድ የሚፈትግ ሰው እድፉን አነሣሁ ሲል ክብሩን ይገፈዋል፤ ከቅርጹ ሥር ያለውን ጥላ ሁሉ ጠርጎ የሚያወጣም የሠሪውን ጥበብ ያደበዝዛል። ማደስ ልክ አለው፤ እድፉን ማራቅ ይገባል፣ ዕድሜውን መፋቅ ግን አይገባም።

ለዚህ ነገር ምስክሬ ሥርዓተ ተክሊል ነው። በቤተ ክርስቲያን በሙሽሮች ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል የእነርሱ ገንዘብ አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት የተጋቡት ደፍተውታል፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትም ይደፉታል፣ ጸሎቱ ሲፈጸም ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ባለጸጋውም ድኻውም በዚያው አክሊል ይከብራሉ። ጋብቻም እንዲሁ ነው፤ ፍቅርን፣ ስምንና ሃይማኖትን ከአባቶችና ከእናቶች ተቀብለን፣ በእኛ ዘመን ያቆሸሽነውን በንስሐ አጥበን ለልጆች እናስረክባለን።

ስለዚህ የሙሽራ ወላጆች የአያትን ብር በሚዛን ከመሸጣቸው በፊት ቆም ብለው እንዲያስቡ እለምናለሁ። ጌጥ ከንቱ የሚሆነው የእኔ ብቻ ነው ባልንበት ሰዓት ነው፤ በአደራ የተቀበሉት ግን ከምስጋና ጋር ሲለብሱት የተገባ ደስታ ነው፤ ያማረ መስሎ ለመታየት በብድር የተገዛ ወርቅ ደግሞ ሁለት ወጣቶችን ገና ከመነሻቸው ለዕዳ አሳልፎ ይሰጣል።