ስለ ደረቀ መድኃኒት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፣ ከደባርቅም ወዲያ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርደው መንገድ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ካወጣው ጊዜ አንሥቶ ሰውንም መኪናንም ሲያደክም ኖሯል፤ መከራውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ግን ጎማ ይመስለኛል። ጎሚስታ በእንዲህ ያለ አገር የማይታለፍ ሙያተኛ ነው። ካላማዳሪውን ከጎማው መዝዞ፣ አየር ሞልቶ፣ በውኃ ነክሮ፣ አረፋው ከሚወጣበት ላይ ቀዳዳውን ያገኘዋል፤ ሞርዶም በማስቲሽ ይለጥፈዋል። በዚህ ሥራ ቁስሉም ፈውሱም በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ለፈላስፋ የሚተርፍ ነገር የለውም።

በቅርብ ዘመን የመጣው የተራራ ብስክሌት ግን ነገሩን ወደ ረቂቅነት ወስዶታል። ካላማዳሪ የለውም፤ ጎማው ከቸርኬው ጋር ራሱ ገጥሞ አየሩን ይይዛል፤ በውስጡም ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የሚሆን ነጭ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ፈሳሹ በአብዛኛው የጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ በውኃ የቀጠነ፣ ቶሎ እንዳይረጋ አሞንያ የገባበት፣ ደቃቅ ቅንጣትም የተቀላቀለበት። የግራር እሾህ ጎማውን በወጋው ጊዜ የታመቀው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ቅንጣቱ ተጠላልፎ፣ ወተቱም ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ጋላቢው አብዛኛውን ጊዜ መወጋቱንም መዳኑንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። እኛም ከስንት ነገር እንዲህ ሳናውቅ እንደ ዳንን ፈጣሪ ያውቃል።

ውኃው ግን ቀስ በቀስ ይተናል። ፈሳሹ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በደባርቅ ብርድ ጥቂት ቢቆይ እንኳ በዛሪማ ሐሩር ይፋጠናል። በዚያን ጊዜ ጎማው የተከፈተ እንደ ሆነ በውስጠኛው ግድግዳ የተለጠፈ ስስ ቆዳ፣ ከታች የተጠቀለለ የጎማ ጓል፣ በቫልቩም አፍ የደነደነ ውታፍ ይገኛል። የትናንቱ መድኃኒት ዛሬ ሸክም ሆኗል፤ የጎማውን ሚዛን ያዛባል፤ የአየሩን መግቢያ ይዘጋል፤ አዲስ እሾህ በወጋውም ጊዜ አይፈስም፣ አይረጋም፣ አይደፍንም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያዳነን ነገር የማዳን ዘመኑ ባለፈ ጊዜ ምን እናድርገው? እንደ ባለውለታ አክብረን እናኑረው ወይስ እንደ ጉድፍ ጠርገን እንጣለው?

አንባቢ ወዲያው በወንጌል የተነገረውን የአሮጌ አቁማዳና የአዲስ ወይን ምሳሌ ያስብ ይሆናል። ያ ምሳሌ ግን ለዚህ ነገር አይገጥምም፤ በዚያ ያረጀው ማሕደሩ ነው፣ በዚህ ግን ማሕደሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ያረጀው መድኃኒቱ ነው። የሚቀርበው በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈው የናስ እባብ ነገር ነው። እስራኤል በምድረ በዳ በእባብ እየተነደፉ ባለቁ ጊዜ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ ተነድፎ ያንን የተመለከተ ሁሉ ዳነ። ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ፤ የነደፉት እባቦችም የተነደፉት ሰዎችም ከምድር ጠፉ፤ ናሱ ብቻ ቀረ፤ ሕዝቡም ዕጣን ያጥኑለት ጀመር። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ሕዝቅያስ የሰበረው ከአሕዛብ የመጣ ጣዖት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያዘዘው፣ ሙሴ በእጁ የሠራው፣ ብዙ ነፍስ ያተረፈ ንዋይ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሽማግሌዎች ውለታ ቢስ ብለው ሳያሙት የቀሩ አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ግን ንጉሡን ያመሰግነዋል እንጂ አይነቅፈውም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ናሱ ከተሰበረ ከ700 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጌታ በሌሊት ወደ እርሱ ለመጣው ለኒቆዲሞስ ስለ ስቅለቱ ሲነግረው ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው ይህንኑ እባብ መሆኑ ነው። የተሰበረው ግዙፉ ናስ ነበር፤ ምሥጢሩን የነካው መዶሻ የለም።

ይህ ነገር በነገሥታትና በሕዝብ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን እያንዳንዱ ክርስቲያን ከንስሐ አባቱ ጋር ባለው ጉዳይም ይገኛል። ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው ቀኖና ይቀበላል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ይጸልያል፤ በፈጸመም ጊዜ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብሎ ያሰናብተዋል። ቀኖና እንግዲህ በባሕርዩ ጊዜ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ከተፈታ በኋላ ጸጸቱን የማይፈታ ሰው ሞልቷል፤ ከ20 ዓመት በፊት ስለ ተሰረየለት በደል ዛሬም ራሱን ይወቅሳል፤ ይህንም ትሕትና ይለዋል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ የተሰወረ ትዕቢት አያለሁ፤ ከካህኑ ቃል የራሱን ፍርድ አብልጧልና።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከስሜን ግርጌ በቆላው በኩል ያሉት የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየበሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ በንስሐ የሚኖሩ ሆነው ሳለ፣ ንስሐ ጊዜ አለው ማለት እንዴት ይቻላል? መልሴ አጭር ነው። የእነዚያ አባቶች ንስሐ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ የሚፈስ ነው እንጂ ከአንድ የቀድሞ በደል የተረፈ ቅሪት አይደለም፤ ትላንት የሰገዱትን ስግደት ዛሬ አይኖሩበትም።

ይሁን እንጂ የቱ ይወገድ የቱ ይኑር የሚለውን ለመለየት ከሐተታ ይልቅ የእጅ ሥራው ይረዳናል። ጎማውን የሚያጸዳ ሰው አየሩን ካስወጣ፣ ጠርዙን ከቸርኬው ካላቀቀ፣ ያልደረቀውን ፈሳሽ ካፈሰሰ በኋላ ስሱን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጠርዝ እየገፋ ይልጠዋል፤ የቀረውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ያሸዋል፤ ቫልቩን ፈትቶ ውታፉን በመርፌ ይወጋዋል። እጁን ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ከውጭ የማይታዩ የእሾህ ጫፎች ተሰብረው እንደ ቀሩ ይዳስሳል፤ እነርሱንም በጥንቃቄ ይነቅላል። ከዚህም ጋር ትንንሽ የደነደኑ እብጠቶችን ያገኛል፤ እነዚህ ቀዳዳ የተደፈነባቸው ቦታዎች ናቸው። ብልህ ሠራተኛ እነርሱን አይነካቸውም፤ ቢነቅላቸው የዳነው ቁስል ዳግመኛ ይከፈታልና።

ስለዚህ ሁለቱም አንድ መድኃኒት፣ ሁለቱም የደረቁ፣ ሁለቱም እኩል ያረጁ ሆነው ሳሉ አንዱ ይጣላል፣ አንዱ ይተዋል፤ የሚለያቸውም ያሉበት ቦታ ነው። በቁስሉ ውስጥ የተቀመጠው የአካል ክፍል ሆኗል፤ ከቁስሉ ውጭ በግድግዳው ላይ የተረፈው ግን ሸክም ነው። ቅዱስ ዳዊት ኃጢአቱን ዘወትር በፊቱ ማኖሩ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ሕይወቱን ሁሉ የሸፈነ የማይነቃነቅ ሐዘን ከሁለተኛው ወገን ነው። የቀድሞ ሥርዓትን በሚመለከት በመካከላችን የሚነሣው ክርክርም፣ «ያረጀ ሁሉ ይቅር» እና «ያረጀ ሁሉ ይኑር» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ከሚባክን ይልቅ፣ እያንዳንዱ ነገር የቱን ቁስል ደፍኖ እንደ ያዘ ቢጠይቅ በተሻለ ነበር። በቤንዚን ለማጠብ የሚቸኩሉም አሉ፤ ቤንዚን ቅሪቱን ሲያሟሟ ጎማውንም አብሮ ያሳብጠዋል፣ ያደክመዋልም፤ የእንዲህ ያለ ተሐድሶ ፍጻሜው ንጹሕና የማይረባ ጎማ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ብስክሌትህን ይዘህ ሊማሊሞን ለመውረድ ያሰብህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ጎማውን ከጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ የፈሳሽ ድምፅ ካልሰማህ ክፈተው እንጂ በደረቀው ላይ አዲስ አትጨምርበት። ያወጣኸውንም ቅሪት ወደ ጅረት አትጣለው፤ የስሜን ጅረቶች ወደ ተከዜ ይወርዳሉና።